ሴት ብታውቅ በማን ያልቃል?

ወር በገባ በሃያ አንድ ወረታ ላይ ሰፈር ለሰፈር ብትዞሩ፣ ከአንዱ ግቢ የትኩስ ዳቦና የጠላ ሽታ ከሴቶች ሳቅ ጋር ተቀላቅሎ ይቀበላችኋል። የማርያም ማኅበር ነው። አያቴ እስክታርፍ ድረስ የጠጣችው አንድ ማኅበር ነበር፤ ልጅ ሆኜ ዳቦ ተሸክሜ እከተላት ነበር። ጸሎቱ ካለቀ፣ ጽዋው ለተረኛዋ ከተላለፈ በኋላ ወጉ ይጀመራል። ርብ ሞልቶ የማንን ማሳ እንደበላ፣ ሩዝ ለሚያርም የቀን ሠራተኛ ስንት እንደተጠየቀ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ልትዳር እንደሆነ፣ እገሊት ከባሏ ወንድሞች ጋር የገጠመችው የመሬት ክስ የት እንደደረሰ፤ ሁሉም እዚያ ይነሣል። አንዷ ታነሣለች፣ ሌላዋ ትቃወማለች፣ ሦስተኛዋ ምሳሌ ታመጣለች። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ ሙሴ ቃሏን ትሰጣለች። ቃሏም ይጸናል።

ከእነዚያ እናቶች ጥቂቶቹን ካደግሁ በኋላ አንድ የሕዝብ ስብሰባ ላይ አየኋቸው። ከኋላ ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንዶች ተናገሩ። ሊበተን ሲል ሰብሳቢው ዞር ብሎ «እናቶችስ? ትደግፋላችሁ አይደል?» አለ። እጅ ወጣ። ተጨበጨበ። አለቀ።

ቤት ውስጥ የመሬት ክስ ሲፈታ የነበረ አንደበት አደባባይ ላይ እጅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላል ተረታችን። ተረቱን ብዙ ሰው ሴትን ለመናቅ የተተረተ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው ሌላ ነገር አየሁበት። ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቃለች ነው የሚለው። ክርክሩ ነገሩ በማን አፍ ይቋጫል የሚለው ላይ ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለዚሁ ነው፤ እውቀት ከጓዳ ወደ አደባባይ የሚወጣበት መንገድ በሌሎች ዘንድ እንዴት እንደተጠረገ፣ በእኛስ ዘንድ ለምን እንደተዘጋ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የምግብ ጠረጴዛ በኤድንብራ

በ1865 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ጓደኞቿን ቤቷ ጠራች። ስሟ ሣራ ሜር ይባላል። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲግሪ አትይዝም፣ ለፓርላማ አትመርጥም፣ ባል ካገባች ደግሞ ገንዘቧ የባሏ ነው። ልጅቷ አዋጅ አላስነገረችም፣ ሰልፍም አልወጣችም። ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰብሰብና እንከራከር አለች። መጀመሪያ የድርሰት ማኅበር ነበር፣ በኋላ የኤድንብራ ሴቶች የክርክር ማኅበር ተባለ። «ሙከራ» ብለው የሰየሙት የራሳቸው መጽሔትም ነበራቸው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንድ ጥያቄ ይቀርባል። አንዷ ትደግፋለች፣ አንዷ ትቃወማለች። ሌሎቹ ሐሳብ ይጨምራሉ። ከዚያ ድምፅ ይቆጠራል። በሕግ ድምፅ የሌላቸው ሴቶች በየወሩ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ይሰጡ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። «ሴቶች የምርጫ መብት ሊያገኙ ይገባል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ሲከራከሩበት ያሸነፈው የትኛው ወገን ይመስላችኋል? ተቃዋሚው ነው። አብዛኞቹ ሴቶች «አይገባም» አሉ። ጥያቄው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። እንደገና ተከራከሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። እያደር ሚዛኑ ዞረና ደጋፊዎቹ በለጡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ከላይ መመሪያ አልወረደላቸውም። እርስ በርስ ተነጋግረው፣ ተሸናንፈው ነው የደረሱበት። በዚህ መንገድ የተደረሰበት አቋም ንፋስ አይጥለውም።

በዚያው በ1865 ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር ሌላ የሴቶች የውይይት ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ሃምሳ ያህል ነበሩ። አብዛኞቹ መምህራንና የተማሩ ሴቶች ናቸው። ኤሚሊ ዴቪስ፣ ባርባራ ቦዲቾን፣ በኋላ በአገሪቱ ሐኪም ሆና የተመዘገበችው ኤልዛቤት ጋሬት ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የምርጫ መብትን ጉዳይ ተወያዩበት፤ እዚያ ግን ደጋፊዎቹ በረቱ። ከውይይቱ አቤቱታ ተወለደ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሴቶች የፈረሙበትን ወረቀት በሰኔ 1866 ፈላስፋው የፓርላማ አባል ጆን ስቱዋርት ሚል ለምክር ቤቱ አቀረበላቸው። በማግስቱ ዓመት ሚል ሕጉ ይሻሻል ብሎ ሲጠይቅ 73 ደገፉት፣ 196 ተቃወሙት። ተሸነፉ።

ግን ማኅበር መክሮ የተሸነፈ ሰው ብቻውን ከተሸነፈ ሰው ይለያል። ኤሚሊ ዴቪስ በ1869 ዛሬ ጊርተን የሚባለውን የሴቶች ኮሌጅ መሠረተች። የኤድንብራዎቹም ለሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ኮርስ አዘጋጁ፤ ከመካከላቸው ፍሎራ ስቲቨንሰን በ1873 ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ ተመረጠች። መንገዱ ጽጌረዳ የተነጠፈበት አልነበረም። በ1870 ሕክምና ለመማር የገቡ ሴቶች ፈተና ሊቀመጡ ሲሄዱ ወንድ ተማሪዎች በር ዘግተው ጭቃ ወረወሩባቸው፤ አልበቃ ብሏቸው በግ አምጥተው ወደ ፈተናው አዳራሽ አስገቡ። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ማስመረቅ የጀመረው በ1893 ነው። የምርጫ መብትም በ1918 ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች ከነቅድመ ሁኔታው፣ በ1928 ደግሞ ከወንድ እኩል ለሁሉም ተፈቀደ። ከምግብ ጠረጴዛው እስከ እኩል ድምፅ 63 ዓመት ፈጀ።

ያኔ እኛ የት ነበርን?

1865 ለእኛ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ከወረታ በወልድያ መንገድ ሽቅብ ስትወጡ የምታገኟት ደብረ ታቦር የንጉሡ መቀመጫ ነበረች። አጠገቧ ጋፋት ላይ የፈረንጅ ሠራተኞች መድፍ ያቀልጣሉ። በ1866 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የብሪታንያ ንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከእኛ በስተደቡብ በጣና ዳር በቋራጣ ሰፍሮ የእስረኞቹን መለቀቅ ይጠባበቅ ነበር። የለንደን ሴቶች ፊርማ ሲያሰባስቡ የእነርሱ መልእክተኛ ከፎገራ ሜዳ ማዶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉት ለማን ነበር? ለሴት ነው፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ። መልስ ባለመምጣቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ነገር ግን እናስተውል። ያቺ ግማሽ ዓለምን የገዛች ሴት የሴቶችን መብት ጥያቄ አጥብቃ ትጠላ ነበር። ዙፋኑ ላይ ሴት ተቀምጣ ሳለ ሴት ዜጎቿ መምረጥ አይችሉም ነበር።

ይህን የማነሣው ስለ ሴቶች በተነሣ ቁጥር «እኛ እኮ ምንትዋብ ነበረችን፣ ጣይቱ ነበረችን፣ ዘውዲቱ ነግሣለች» የሚል መልስ ስለምንሰጥ ነው። እውነት ነው፣ ነበሩን። እንኮራባቸዋለን። ነገር ግን ንግሥት መኖሯ ብቻ ለገበሬ ሚስት ምንም እንደማያረጋግጥ ከቪክቶሪያ አገር የበለጠ ማስረጃ የለም። ጥያቄው ላይ ስንት ሴት ወጣች የሚለው አይደለም። ታች ስንት ሴት ተነጋገረች ነው።

የቋራጣዋ እናት

ታች የተነጋገሩ ሴቶች በእኛ ታሪክ አልነበሩም ማለቴ ግን አይደለም። ሩቅ ሳንሄድ ያችኑ ቋራጣን እንይ።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ አገሩን ሁሉ ወደዚያ ሊያስገባ ሲነሣ ባል ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ ሚስት ቤቷን ትታ ወጣች። መነኮሰች። እየተዘዋወረች ተቃውሞውን አስተማረች። ተያዘች፣ ንጉሥ ፊት ቀረበች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። በተሰደደችበት ሁሉ ሰው ይከተላታል፤ ሴቱም ወንዱም። በዚህ መንገድ ሰባት ማኅበራትን መሠረተች። ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ እርሷ ያሸነፈችው ወገን መሪ ነበረች። በ1642 አረፈች። እርሷን ተክታ ማኅበሩን የመራችው ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እርሷም ሴት ናት። ገድሏ በ1672 ገላውድዮስ በሚባል መነኩሴ ተጻፈ። ማኅበሯ በኋላ ቋራጣ ላይ ጸና፤ እስከ ዛሬም በስሟ የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን አለች።

ከገድሏ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ሊቃውንት ቀንተውባት «ሴት መሪና መምህር ትሆን ዘንድ በመጽሐፍ የት ተጽፏል?» ብለው ተነሡባት። ፋትለ ሥላሴ የሚባል ታላቅ መምህር ግን መልሶ ዝም አሰኛቸው፤ እኛ ስንሰንፍ እግዚአብሔር እርሷን አስነሣ የሚል ነበር የመልሱ ፍሬ ነገር። እንግዲህ «ሴት አደባባይ ትውጣ ወይ?» የሚለው ክርክር ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ያስቡ። በጣና ዳር ክርክሩ ከኤድንብራው ጠረጴዛ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተነሥቷል። በግዕዝ ተጽፎም ተቀምጧል።

የእርሷ ትግል የምርጫ መብት ትግል አልነበረም፤ የሃይማኖት ትግል ነው። የሌላትን ልብስ አናልብሳት። ነገር ግን ሴቶች ተሰብስበው፣ ሥርዓት አውጥተው፣ መሪያቸውን ከመካከላቸው ሰይመው፣ ከንጉሥ ቃል ፊት መቆም እንደሚችሉ አሳይታለች። በቅርቡ ዘመንም ከዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ ጽላሎ ላይ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ታስተምር ነበር፤ ወንድ ደቀ መዛሙርት ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ተምረው ወጥተዋል። ዘሩ አለ። የጎደለው ማሳው ነው።

ሁለት ማኅበራት፣ አንድ ዓመት

አሁን ወደ አንድ አስገራሚ ግጥጥሞሽ ልውሰዳችሁ። የኤድንብራዎቹ ሴቶች ሰባ ዓመት ሙሉ ከተከራከሩ በኋላ ማኅበራቸውን በ1935 ዘጉ። ዘመኑ ተለውጧል፤ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፣ ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ። ሥራው አልቋል ብለው በክብር ዘጉት።

በዚያው በ1935 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ጠባቂዋ እቴጌ መነን ነበሩ። ልዕልት ፀሐይም ትሠራበት ነበር። የዘመኑ ሁኔታ ለክርክር ፋታ አልሰጠም። የጣሊያን ጦር በር ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻና ልብስ ማዘጋጀት ያዙ። ሥራው ቅዱስ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘመናዊ የሴቶች ማኅበራችን ከቤተ መንግሥት ወደ ታች የወረደ እንጂ ከጠረጴዛ ወደ ላይ የወጣ አልነበረም። ይህ የትውልድ ምልክት ከዚያ በኋላ በመጡት ላይም ሲታይ ኖሯል።

የትምህርቱም ነገር ከዚያው ጋር ይያያዛል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ለወንዶች ሲከፈት ሴቶች ልጆች የራሳቸውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያገኙት በ1931 ነው፤ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ትምህርት ቤት የመራችው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ስንዱ ገብሩ ናት። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተማረች። ጣሊያን ሲገባ በምዕራብ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፈች፣ ተማርካ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ ታሰረች። ከነፃነት በኋላ አስተማረች፣ ጻፈች፣ በ1957 ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች።

ያስተማረቻት ስዊዘርላንድ ለራሷ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የምርጫ መብት የሰጠችው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1971። ስንዱ ፓርላማ ከገባች ከ14 ዓመት በኋላ።

በዚያ ምርጫ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ትኖር ነበር፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት። በወጣትነቷ ለሴቶች ድምፅ ስትታገል በተደጋጋሚ ታስራለች፤ በእስር ቤት ስትራብ በጉሮሮዋ ቱቦ እየከተቱ በግድ መግበዋታል። ጣሊያን ሲወርረን ድምፃችን ሆነች፤ ከ1936 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ አሳተመች። ልዕልት ፀሐይ በ1942 በወጣትነቷ ስታርፍ በስሟ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰበች። በ1956 ጓዟን ጠቅልላ መጣች፣ በ1960 አረፈች፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። የምርጫን ካርድ ዋጋ በጉሮሮዋ ያወቀች ሴት ካርዱ በነፃ ሲታደል አየች።

በነፃ የመጣ ካርድ

ስለ ዋጋው ማውራት ያለብንም እዚህ ላይ ነው። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ እንደራሴውን እንዲመርጥ ፈቀደ። በወረቀት ሲታይ ትልቅ ነገር ነው። ፎገራ ላይ ግን ማን ተወያየበት? ማን ደገፈ፣ ማንስ ተቃወመ? የማንም አያት «ይገባኛል» ወይም «አይገባኝም» ብላ አልተከራከረችም። መብቱ እንደ ዝናብ ከላይ መጣ፤ ያልታረሰ መሬት ላይ የወረደ ዝናብ ደግሞ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። ጎርፍን የሚያውቅ የፎገራ ሰው ይህን አያጣውም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ካርዱ ከተፈቀደ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል አለ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ነበር። እንደራሴ የምትመርጥ ሴት በቤቷ መኖሪያዋን አትመርጥም። ሲቃረን የጠየቀ የለም፤ የሚጠይቅበት ጠረጴዛ አልነበረምና።

ደርግ መጣ። መሬት ለአራሹ ሆነ፤ በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጠረ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ግን ይህም አጀንዳው ከላይ የሚወርድለት ነበር። መሪ ቃል ይነበባል፣ እጅ ይወጣል። መንግሥት ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮት ወደቀ።

ወደ ኤድንብራና ኬንሲንግተን መንገድ ይበልጥ የቀረበው በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይመስለኛል። መዓዛ አሸናፊና ሌሎች የሕግ ባለሙያዎች ከራሳቸው ሙያ ተነሥተው የመሠረቱት ነው። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ አንሥተው ተከራከሩ፤ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ጠበቃ ቆሙ። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሲያስቀርና የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ሲያሳድግ የእነርሱ ክርክር ከኋላው ነበር። ክልላችንም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) አወጣ።

ክርክር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ማኅበሩ በ2001 ለጥቂት ጊዜ ታገደ። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ ከውጭ ከአሥር በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ሲከለክል አቅሙ ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ የተለወጠው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መዓዛ አሸናፊ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ደስ ይላል። ግን የቪክቶሪያን ነገር አትርሱ፤ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ታች ላሉት ሺዎች ጠረጴዛ አትሆንም።

ሁለት ፎቶ ያለበት ደብተር

ወደ ወረታ እንመለስ። ዛሬ በገጠሩ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አለ፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፏል። ለአያቴ ብትነግሯት የምታምን አይመስለኝም። ሕጉ የቻለውን ያህል ሄዷል።

ነገር ግን መሬቱ ለሩዝ ሲከራይ ማን ይዋዋላል? ገንዘቡን ማን ይቆጥራል? ጭቃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ያረመችው ሴት የገበያውን ቀን ማን እንደወሰነው ታውቃለች? ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ «ይበቃታል» የሚለው ቃል ከማን አፍ ይወጣል? ፎቶዋ ደብተሩ ላይ አለ። ድምፅዋ ግን አሁንም ከስብሰባው ኋላ ተቀምጧል።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። አዲስ ማኅበር አያስፈልገንም። አለን። በሃያ አንድ የሚጠጣው፣ በአሥራ ሁለት የሚጠጣው፣ እድሩ፣ ቡናው፤ ሣራ ሜር ከባዶ የጀመረችውን እናቶቻችን ከአያት የወረሱት ነው። የሚጎድለው ከኤድንብራ ጠረጴዛ ሦስት ነገር መዋስ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ በወር አንድ ጥያቄ። ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ጉዳይ። «ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ከወላጅ መሬት ትካፈል ወይ?» «የሩዙን ገንዘብ ማን ይያዝ?» ሁለተኛ፣ አንዲት ደጋፊ፣ አንዲት ተቃዋሚ። ተቃዋሚዋ ትከበር፤ የኤድንብራ ሴቶችም መጀመሪያ «አይገባም» ነበር ያሉት። «ሴቶቹ ራሳቸው አይፈልጉም» የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ ይኸው ነው፤ ይከራከሩበትና ይናገሩ። ሦስተኛ፣ ቆጠራ። ሙሴዋ ቃሏን ከመስጠቷ በፊት እያንዳንዷ ያለችው ይቆጠር። ማንበብ የማይችሉ ካሉ አንዲት ተማሪ ልጅ የሕጉን አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብላቸው። ለልጅቷም ትምህርት ነው።

«ጸበል ጸዲቅ ላይ ፖለቲካ አታምጣብን» የሚሉኝ ይኖራሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ፓርቲ ይግባ አላልኩም፤ እንዲያውም የሪፖርት ቅጽና የፕሮጀክት ባነር በገባበት ቀን ማኅበሩ ሞተ ማለት ነው። ደግሞም ስለ መሬት ክስና ስለ ልጅ ትምህርት ድሮም ይወራበታል። እኔ የምለው ወጉ ሥርዓት ይያዝ፣ ከዚያም ከግቢው በር ይውጣ ነው። ቋራጣ ላይ ወለተ ጴጥሮስን የሚዘክር ሰው ሴቶች ተሰብስበው ሲመክሩ ነውር ነው ሊል አይችልም።

የኤድንብራዎቹ ከጠረጴዛ እስከ እኩል ድምፅ 63 ዓመት ጠበቁ። እኛ ድምፁን ካገኘን ሰባ ዓመት ያህል ሆኖናል፤ ጠረጴዛውን ግን ገና እየፈለግን ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ እንጂ መንገዱ አልጠፋም። ካርዱ በእጅ ላለ ሰው የቀረው ምክሩ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰብሳቢው ዞር ብሎ «እናቶችስ? ትደግፋላችሁ አይደል?» ሲል ከኋላ አንዲት እናት ተነሥታ «እኛ በማኅበራችን ተከራክረንበታል፤ አሥራ አንድ ደግፈን ሰባት ተቃውመናል፤ ምክንያታችን ደግሞ ይህ ነው» ያለች ቀን ተረቱ ይለወጣል።

ያኔ ሴት ብታውቅ በራሷ ያልቃል።

እናታችሁ ማኅበር ካላት፣ በሚመጣው ሃያ አንድ ይህን አንብቡላትና የምትለውን ጻፉልኝ። ተቃውሞ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ቸር ያሰንብተን።